ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቀን

ደባርቅ፣ መጋቢት ፳፩ ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ትንሹ ሰውዬስ እንዴት ነው? ያስተኛችኋል ወይስ እንደ አያቱ ጎህ ሳይቀድ ይጣራል? ባለቤትሽ ደኅና ነው? አሁንም ቁጭ ብሎ እንቅልፍ ሲወስደው አፉን ይከፍታል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ተመስገን። አክስትሽ እትዬ ዘቢደርም ደኅና ናት። እኔን መቆጣት ስላላቆመች ጤንነቷን በዚያ አውቃለሁ። ደባርቅ እንደምታውቂው ነው፤ ብርዱም ንፋሱም ቦታቸው ላይ ናቸው፣ መብራት ደስ ሲለው ይመጣል።

ስልክ እያለ ይህ ሰውዬ ደብዳቤ መጻፍ ምን አሳሰበው እንደምትይ አውቃለሁ። ተማሪ ቤት ሳልገባ፣ ፊደልን በእህል ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው የለቀምኩት። ለዚህ ነው ጽሕፈቴ የጆንያ ጽሕፈት የሚመስለው፤ ታገሺኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ግን ድምፄን ስለማላምነው ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺም አታምኚውም።

ነገሩን ሳላጣምም ልንገርሽ። አባትሽ የሞተው እንደ ተረዳሽው በታኅሣሥ መጨረሻ አይደለም። ጥቅምት ፳፬፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት ጠዋት ነው። ሳሉ ደረቱ ከገባ በኋላ የቆየው ዘጠኝ ቀን ነው። መንገዱ ዝግ ነበር፤ እንኳን ጎንደር ሐኪም ቤት፣ ዳባት የሚያደርስ መኪና አልተገኘም።

በሰልስቱ ዕለት ዘመድ ተቀምጦ መከረ። አንቺ ወርሽ የገባ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ነፍሰ ጡርን ማርዳት በሁለት ነፍስ ላይ እጅ ማንሳት ነው ተባለ። በሰላም እስክትገላገይና ልጁ ክርስትና እስኪነሳ ይቆይ ተባለ። ባለቤትሽም ሲጠየቅ እሺ አለ፤ አትፍረጂበት። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። እስከዚህ ድረስ ያጠፋነው ነገር የለም፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ የአባትሽ ስልክ ጮኸ። እትዬ ዘቢደር፣ ካልተነሳ ትጠረጥራለችና አንሳው አለችኝ። ሐሳቤ እንደ ወትሮው «ወጣ ብሏል» ልልሽ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው የእሱ ሳል ነው። ሁለት ጊዜ ሳልኩና «ማነው የሚጣራ!» አልኩ፤ ልክ እሱ ገደል ማዶ ያለ ሰው እንደሚያናግር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፁን እንደምሰርቅ ታውቂያለሽ። አባትሽ ሳንቃ በር ላይ የፓርኩ ጠባቂ ሳለ፣ ከቋጥኝ ጀርባ ሆኜ በእሱ ድምፅ እንዳለው የሚባለውን ባልደረባውን «ውረድና ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ቆጥረህ ና» ብዬ አዘዝኩት። ምስኪኑ ግማሽ ቀን ሲቆጥር ዋለ። አባትሽ በዱላ አባረረኝ፤ ከዚያ ደግሞ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ያ ሳቁ ነው ያባለገኝ።

አንቺ ግን አልሳቅሽም። «አባዬ? አንተ ነህ ያነሳኸው?» ብለሽ አለቀስሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ለኔ እያቀበለ ሲሸሽሽ የነበረው አባትሽ አናገረሽ። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይባስ ብሎ ደስ አለኝ። የቀበርኩት ወንድሜ በገዛ ቤቱ ሲናገር ሰማሁትና ደስ አለኝ። እትዬ ዘቢደር ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ደወልሽ። ስትጨርሺ «አጎቴን ስጠኝ» ትያለሽ። እኔም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ገዱ! አንተ ገዱ! ልጅቱ ትፈልግሃለች» እያልኩ ራሴን እጣራለሁ። በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ከደጅ እንደሚመጣ ሰው እግሬን እጎትታለሁ፣ ከዚያ በራሴ ድምፅ «አቤት እመቤቴ» እላለሁ። አንድ ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ አፍ ተሰዳደቡ፤ እሱ ሰነፍ አለኝ፣ እኔ ሽማግሌ አልኩት። አንቺ በሳቅ ሞትሽ። እትዬ ዘቢደር ጫማዋን ወረወረችብኝ፤ አልሳተችኝም።

በሦስተኛው እሑድ ግን ሳቅ አልነበረም። «አባዬ፣ ይቅር ብለኸኛል?» ብለሽ ጠየቅሽ። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይበልሽ» አልኩሽ። ያ ቃል የኔ አልነበረም። ከሞተ ሰው አፍ ቀምቼ ሰጠሁሽ። እስከ ዛሬ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው እሱ ነው።

በአራተኛው፣ በልጅነትሽ በበቅሎ አፈናጦሽ ሳንቃ በር ሲወጣ፣ ገደሉን ስታልፉ እንዳትፈሪ በጆሮሽ ምን እያለ ይጠራሽ እንደነበር ጠየቅሽው። ልጄንም እንደዚያ ልጥራው አልሽ። እኔ ምኑን አውቄ! የድምፁን ዓይነት ሁሉ ሰርቄያለሁ፤ በጆሮሽ የነገረሽን ግን ማን ሰምቶት። ሳልኩ። ደጋግሜ ሳልኩ። አንቺም «ተወው አባዬ፣ ደክሞሃል» አልሽ።

ከዚያ በኋላ አራት እሑድ ደውለሻል። በአራቱም አንድ ጊዜ እንኳ «አጎቴን ስጠኝ» አላልሽም። ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ስላንቺና ስለ እሱ ግን የማውቀውን ልንገርሽ። የባለቤትሽ ሽማግሌዎች ሲመጡ አባትሽ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በእኛ ዘንድ ልጁን የሚወድ አባት ሁለቴ መልሶ በሦስተኛው ይሰጣል፤ ገና በመጀመሪያው እሺ ካለ ልጁን አራክሷታል ይባላል። የባለቤትሽ ወገኖች የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው፤ ይህን ከየት ይወቁት! አንፈልግም ተባልን ብለው በዚያው ቀሩ። አንቺም አባቴ ባሌን ናቀብኝ ብለሽ ከተማ ውስጥ ተጋባሽ። እሱ ደግሞ ለሦስተኛው ቀን ሙክት አስሮ፣ ጠላ አስጠምቆ ይጠብቅ ነበር። ጠላው ሆመጠጠ። ሙክቱ ባለፈው ክረምት፣ ቢላዋ ሳያየው፣ አርጅቶ ሞተ።

ልንገራት ስለው «አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወንድሜ አይደለህም» አለኝ። የአገሯን ወግ የማታውቅ ይመስል ለምን አልጠበቀችኝም ይላል። አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ ለምን አይጠራኝም ትያለሽ። ሁለት ግትሮች! እኔ በሰው ሁሉ ስቀልድ የኖርኩ ሰው፣ በእናንተ መካከል አንድ ቁም ነገር መናገር አቅቶኝ ዝም አልኩ። ለዚህ ነው የመረረኝ። በቁሙ ሳለ በራሴ ድምፅ ልነግርሽ የሚገባኝን፣ ከሞተ በኋላ በእሱ ድምፅ አጭበረበርኩሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩን ሲያቀብለኝ ሁልጊዜ «ድምፁን ከፍ አድርገው» ይለኝ ነበር። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶሽ የጫማውን ክር ያስራል። አንቺ እስክትዘጊ ድረስ ያስራል፣ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። የትም ግን አይሄድም ነበር።

ሰው ሁሉ አልቅሶለት ወጣለት። እኔ በየእሑዱ ሳስነሳው ከርሜ እርሜን አላወጣሁም። አሁን ላልቅስ ስል የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው፤ ደንግጬ ዝም እላለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ልጁን ይዘሽ ለመቃብሩ ድንጋይ እንደምትመጪ ለእትዬ ዘቢደር ነግረሻታል። እሷም፣ ልጅቱ እንዳትሰበር ታኅሣሥ ተብሎ ይጻፍ፣ ድንጋይ ምን ያውቃል አለች። የንስሐ አባታችን አባ ፀጋው ተቆጡ፤ «እኔ ነፍሱን የፈታሁት በጥቅምት ነው፣ በሐሰት ቀን የቆመ ድንጋይ አልባርክም» አሉ። ጠራቢው ክንዴ ዓመቱን ቀርጾ፣ የወሩንና የቀኑን ቦታ ባዶ ትቶ ሦስት ሳምንት ጠበቀን። ባየኝ ቁጥር በመዶሻው እየጠቆመ «ሰውዬው ሞቷል አልሞተም?» ይለኛል።

ትናንት ሄጄ ጥቅምት ፳፬ ብለህ ቅረጽ አልኩት። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁ። ስለዚህ ስትመጪ ከድንጋዩ ከምታነቢው ከኔ ትስሚው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩልሽ።

ከተረዳሽ ወዲህ በዚያ ስልክ አልደወልሽም። እኔ ግን አልዘጋሁትም፤ መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ አደርገዋለሁ። እሑድ ከቤት አልወጣም። ብትቆጪም ተቆጪ፣ ብትሰድቢኝም ስደቢኝ፤ ብቻ መጀመሪያ፣ እንደ ድሮው፣ «አጎቴን ስጠኝ» በይኝ።

የተክለ ሃይማኖት አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅ። የልጁን እግር እንደ ዋሊያ እግር በገደል ላይ ያጽናለት፤ ግትርነቱን ግን ከእናንተ አያውርሰው። ለአባትሽ ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን።

ከእንግዲህ ሌላ ማንንም ያልሆንኩ፣
አጎትሽ