በድልድዩ ስር

ቅዳሜ፣ ሜይ 10
ልብስ አጠብኩ። ድመቷን ለጎረቤት ሰጠሁ። ነገ ከእህቴ ከዶሪንና ከባሏ ከኬልቪን ጋር በኪራይ የሞተር ጀልባ ልንሄድ ነው። ለስድሳኛ ዓመት ልደቷ። እምቢ ልላት ነበር... ከዚያ መንገዱን ነገረችኝ። በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ ስር እናልፋለን አለች።
እሺ አልኳት።

እሑድ፣ ሜይ 11
ኬልቪን መሪውን ከያዘ አልለቀቀም። "ቨርና፣ አንቺ እረፊ። እንግዳ ነሽ።"
እንግዳ? በዚያ ድልድይ ስር የሰው ጀልባ ሳሳልፍ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። እሱ ረዳቴ ነበር። አንድ ቀን መሪውን እሱ ይዞ የደንበኛ ጀልባ ጣራ አስገነጠለ። አለቃችን ሲጠይቅ፣ "ቨርና ነበረች የያዘችው" አለ። ዓይን ዓይኔን እያየ። እኔ ተባረርኩ። እሱ ቦታዬን ወሰደ፤ ዓመት ሳይሞላው ሰልችቶት መኪና ሽያጭ ገባ።
አስራ አንድ ዓመት ሆነው። እኔ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሰኞ፣ ሜይ 12
ዝናብ። ካርታ ተጫወትን። ኬልቪን አሸነፈ። ይሳቅ...

ማክሰኞ፣ ሜይ 13
ጠዋት ዶሪን ዳቦ ልትገዛ ወረደች። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ እጠብቃችኋለሁ አለች። እኔና እሱ ብቻ ቀረን።
ባሕሩ ወደ ወንዙ እየገፋ ነው፤ ውሃው እየሞላ። ድልድዩ አጠገብ ያለው፣ ከውሃው እስከ ቅስቱ ስንት እንደቀረ የሚያሳየው የልኬት ሰሌዳ ስድስት ጫማ ከሦስት ኢንች ይላል። ጀልባችን ስድስት ከስምንት ይፈልጋል። ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነበረብን። ኬልቪን ሰሌዳውን አላየም። ለዶሪን እጁን እያውለበለበ ነበር።
"እናልፋለን፣ አይደል?"
ምን አልኩት? ምንም። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።
የጀልባው ጣራ ከድልድዩ ድንጋይ ጋር እየተፋጨ ተጠቀለለ። መስታወቱ ረገፈ። ቀና ስል ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይወርዳል። ስድስት ቦታ ተሰፋ።
ደስ አለኝ። ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው... ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14
የጀልባው ባለቤት መጣች። እንዴት እንደሆነ ጠየቀችን። መልሴን ሌሊቱን ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት። ኬልቪን ቀደመኝ።
"ጥፋቱ የኔ ነው። ቨርና ሁለቴ አስጠንቅቃኝ ነበር። አልሰማኋትም።"
አላስጠነቀቅኩትም! እሱም ያውቃል። ሴትዮዋ ስትሄድ ለምን እንደዋሸ ጠየቅኩት። ሻዩን እያማሰለ፣ "ያኔ ባንቺ ላይ ዋሸሁ፣ ዛሬ ላንቺ ዋሸሁ። እኩል ሆንን" አለኝ።
እኩል? አስራ አንድ ዓመት በአንድ ውሸት? ጭራሽ ባለውለታዬ ሊሆን ነው። በቀሌንም ቀማኝ።
ዶሪን ደግሞ... አጠገቡ ተቀምጣ፣ "ያኔ" ሲል የምን ያኔ እንደሆነ አልጠየቀችም። ትከሻውን ዳበሰችው እንጂ።

ሐሙስ፣ ሜይ 15
የጀልባው ባለቤት ቢሮ ብቻዬን ሄድኩ። አላስጠነቀቅኩትም አልኳት። ሰሌዳውን አይቼ ዝም ነው ያልኩት አልኳት።
"ለምን?" አለች።
ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። የያኔውንም የአሁኑንም። ጻፈችው። ፈረምኩበት። የሱ ውለታ ይቅርብኝ። የሠራሁትን እኔው ልሸከመው።
አውቶቡስ ስጠብቅ ዶሪን ደወለች። ሴትዮዋ ነግራታለች። እያለቀሰች፣ "አሁንስ ይቅር አትይውም?" አለችኝ።
"እሱን ተይው። አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?"
 ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል።
አውቶቡሱ መጣ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ሳልሳፈር አሳለፍኩት።