የታሰረው ጣት

ውድ ወንድሜ፣

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኮራ ቤል መድረኩ ላይ «በመስኮት ጥራኝ» የሚለውን ዘፈን ጀምራ አዝማቹ ጋ ስትደርስ፣ ከላይኛው ሰገነት አንድ ሰው ብድግ ብሎ አብሯት አቀነቀነ። ዘፈኑን ለሕዝቡ እንዲያስለምድላችሁ እንደ ተራ ተመልካች ያስቀመጣችሁት ሊዮ ነው። ሕዝቡም ተከተለው። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ፤ ዘፈኑ የእኔ ነውና።

ጤናህን ማስቀደም ነበረብኝ። እንዴት ሰነበትክ? ፊላደልፊያስ ተስማማህ? ጣትህስ ዳነልህ? ወደ ጣትህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

ስወጣ ሊዮ በር ላይ ያዘኝና «ምነው ፊትሽ? ለቅሶ ቤት የዋልሽ ነው እኮ የምትመስዪው! የወንድምሽ ዘፈን ነው፣ አጨብጭቢ እንጂ!» ብሎ የታተመውን ኖታ አስጨበጠኝ። ሽፋኑ ላይ የኮራ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ በደራሲነት የአንተ ስም፣ ከአንተ ቀጥሎ የእሷ ስም። የእሷስ ይሁን፤ ዘፋኝ ስሟ ካልገባበት አትዘፍንም፣ ልማዳችሁ ነው። የእኔስ የት ሄደ?

ሦስት ዓመት ሙሉ አንተ ስታንጎራጉር እኔ ኖታ ስጽፍ ኖርኩ። ኖታ አታነብም፤ ፒያኖም ላይ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ነው የምትነካው። አላፈርኩብህም፤ የሠራኸው ያንተው ነበር። ይህን ዘፈን ግን ብቻዬን ነው የሠራሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወትኩልህ፤ «ምንም አይልም፣ አስቀምጪው» አልከኝ። እኔም እሺ ብዬ ሣጥን ውስጥ፣ እናታችን ካጣጠፈቻቸው አንሶላዎች ሥር አስቀመጥኩት።

ማክሰኞ አሳታሚው ሚስተር ሮትባርድ ዘንድ ሄድኩ። «የአዝማቹ ግማሽ እኮ ነጮቹ ቁልፎች ላይ ነው፤ ወንድሜ ሲጫወተው አይታችኋል?» አልኩት። ሳቀብኝ። «የኔ እህት፣ ጣቱ ተጎድቶ አልነበር? ሰማያዊ አበባ በተጠለፈበት መሐረብ ጠቅልሎት መጣ። ወረቀቱን ሰጠን፣ የኛ ሰው ተጫወተው» አለኝ። ብልህ ነህ። ብቻህን ግን ይህን ያህል ብልህ አይደለህም።

ቤት ስገባ እናታችን ልብስ እየተኮሰች ነበር። ሰማያዊ አበባ የጠለፈችበት ያ መሐረብ ተጣጥፎ ሸሚዞችህ ላይ ተቀምጧል። የት እንደዋልኩ ጠየቀችኝ፤ ሥራ ፍለጋ አልኳት። ቀና ሳትል «አንቺ እኮ ነገ አግብተሽ የሌላ ሰው ስም ትይዣለሽ፣ ልጄ» አለችኝ። ስለ ስም አንድም ቃል አልተነፈስኩላትም ነበር።

እሑድ እንደምትመለስ ሰምቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሮትባርድ ቢሮ እጠብቅሃለሁ። ኮራም ሊዮም ይገኙ። ፒያኖው ፊት ተቀመጥና አዝማቹን ከዳር እስከ ዳር ተጫወት። ከቻልክ አፌን እዘጋለሁ። ካልቻልክ ተነስተህ ወንበሩን ትለቅልኛለህ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ዛሬም ቢሆን ክፉህን አልመኝም። ግን ከእንግዲህ «የአንድ እናት ልጆች ነን» እየተባልኩ ዝም መሰኘትን አልቀበልም። የምታንጎራጉረውን አልጽፍልህም። ስሜ በማይወጣበት ወረቀት ላይ አንዲት ኖታ አላሰፍርም፤ ለአንተም ቢሆን፣ ስለ አንተ ለሚለምነኝም ቢሆን።

እህትህ