ስለ ሐሙስ ልምምድና ስለ ሻወር ቤቱ ወለል ለዋና አሰልጣኛችን የተጻፈ

ለተከበሩ የክለባችን ዋና አሰልጣኝ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ቁርጭምጭሚትዎና ቅልጥምዎ ፍጹም ጤና እንዲሆኑልኝ ከልቤ እመኛለሁ፤ በክለባችን እነዚህ ሦስቱ ደህና የሆኑለት ሰው ከእርስዎ በቀር እየጠፋ ነውና። እኔ የክለቡ ወጌሻ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው እግር ሳሽና ስጠግን የኖርኩ።

በአደባባይ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ ትናንት ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡልኝ ወረቀት ነው። ወረቀቱ አምበላችን ባለፈው ሐሙስ እግሩ የተሰበረው «ሻወር ቤት እርጥብ ወለል አዳልጦት» ነው ይላል፤ እስከ ሰኞ ፈርሜ እንድመልስም ያዘኛል። ስላመኑኝ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ነገር ላስታውስዎ።

አንደኛ፦ በአማካይ ተጫዋችነት ዘመንዎ ደጋፊው «መጋዝ» ይልዎት ነበር። አራት ተጋጣሚዎች በእርስዎ ምክንያት በቃሬዛ ወጥተዋል፤ አንደኛው ዛሬም አውቶቡስ የሚሳፈረው ሰው ደግፎት ነው። ኳስ ማቀበልም ይችሉ ነበር ይባላል። ቃሬዛ ይዤ ስሮጥ አምልጦኝ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ አሰልጣኝ ሲሆኑ ይለወጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። በራስዎ እግር መስበሩን ትተው በትእዛዝ ማሰበር ጀመሩ። ሐሙስ ሐሙስ የተጫዋቾቹን የቅልጥም መከላከያ በጆንያ ሰብስበው ቢሮዎ ይቆልፉና «ዛሬ ኳሱን ሳይሆን ሰውየውን!» ይላሉ። በዚህ ጥበብዎ የተነሳ ዘንድሮ ብቻ ሁለት የተፈነከተ ግንባር፣ አንድ የተሰበረ መንጋጋና ሦስት የወለቀ ጥርስ ለማየት በቅቻለሁ። ሙያዬን ስላሰፉልኝ ባለውለታዬ ነዎት።

ሦስተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ ከበደኝ። አምበሉ «ኮች፣ እባክዎ መከላከያዬን ይስጡኝ፣ እሁድ ጨዋታ አለብኝ» ብሎ ለመነዎት። እርስዎ ግዙፉን ተከላካይ ጠርተው «ይህን ጨዋ ሰውዬ አስተምርልኝ» አሉ። ተከላካዩም በሁለት እግሩ ገባበት። ድምፁን ሜዳው ዳር ሆኜ ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው። ስደርስ አጥንቱ ካልሲውን ቀድዶ ወጥቷል። መቺው ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ እርስዎ ፊሽካዎን ነፍተው «ቀጥሉ!» አሉ። ደሙ በጣቶቼ መሀል እየፈሰሰ ልጆቹ ስድስት ደቂቃ ተጫወቱ። አይ ጭካኔ! እውነቱን ልንገርዎ፣ ያንን ፊሽካ ጉሮሮዎ ውስጥ ልሰነቅረው ዳድቶኝ ነበር፤ እጄ ስለተያዘ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የአምበሉ ሚስት «ጋሼ፣ አዳልጦት ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው?» ብላ እጄን ያዘችኝ። ከፈረምኩ እሷን ዋሸኋት፤ የፊታችን ሐሙስም ጆንያው እንደገና ይዞራል። ስለዚህ አልፈርምም። ያየሁትን ጽፌ ለፌዴሬሽኑ አስገብቻለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ያሸ ወጌሻም አይረሳም።

እግርዎ ሥር ወድቆ በጤና የተነሳ ሰው ስላላየሁ፣ ከሩቅ ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣
የክለቡ ወጌሻ

ልረሳው ነበር፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእርስዎ ግን ገና ሳያድር ቀለለ። ሻወር ቤቱ ውሃ ከተቋረጠበት ወር ሊሞላው ነው፤ የአምበሉን ደም ከእጄ ያጠብኩትም በመጠጥ ውሃችን ነበር። በሩ ላይ «ውሃ የለም፣ ቤታችሁ ታጠቡ» የሚለውን ማስታወቂያ በእጅዎ ጽፈው የለጠፉት እርስዎ ነዎት። ነቅዬ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዤዋለሁ። ፊርማ ካስፈለገ፣ ከሥሩ የእርስዎ አለ።