አለቃ ለሌለው ማኅበር ሽማግሌ ላክን

ሰኞ

አትሳቁብኝ እንጂ፣ ዛሬ የሌለ ሰው ደጅ ስጠና ዋልኩ። «ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ» ብዬ፣ ጤንነታቸውን ጠይቄ፣ ቤተሰባቸውን መርቄ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሥራ አስኪያጅ የለንም። እሺ፣ ምክትሉስ? አልኩ። እሱም የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ ጆበርግ፣ ዛንድስፕሩት ሰፈር፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ትዕግሥት ልጇን የምታሳድገው በሳሙና ካርቶን መሀል ነው። ባለፈው ሳምንት ሕፃኗ ቡታጋዝ ነክታ እጇ ተቃጠለ። ሱቅ ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። ቤተ ክርስቲያናቸው የጓሮውን ክፍል ለልጆች መዋያ ፈቅዷል። ግን አጥርና የልጆች መጸዳጃ ሳይሠራ አይከፈትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጀመርን ክፍሉ ለዕቃ ማከማቻ ይከራያል።

እዚህ ዮቪል ሰፈር ጎረቤቴ የሆነችው ዚምባብዌያዊቷ ሩዶ፣ «ሲሲ፣ እህቴ፣ ለምን ዳኦ አትጠይቂም?» አለችኝ። ዳኦ አባላቱ በየአገሩ ተበትነው በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ የጋራ ገንዘባቸውንም በድምፅ ብቻ የሚያዙበት ማኅበር ነው። እሷም አባል ናት። ለመንደሯ የውኃ ጉድጓድ ያስቆፈረችው በዚህ ነው። ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ

ሩዶ ደብዳቤዬን አንብባ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «የማንን ቤተሰብ ነው የምትመርቂው? ድምፅ የሚሰጡት ሁሉም ናቸው፤ ለሁሉም ጻፊ!»

አብረን እንደገና ጻፍነው። ሐሳቡ መጀመሪያ ፎረም በሚሉት የአደባባይ መወያያቸው ላይ ይለጠፋል። ሰው ይተቸዋል፣ አንቺ ታስተካክያለሽ። ከዚያ አንድ አባል በስሙ ለድምፅ ያቀርበዋል። ለእኛ ሩዶ ታቀርብልናለች። ገንዘቡንም በአንዴ አትጠይቂ አለችኝ፤ መጀመሪያ አጥሩ፣ የአጥሩ ፎቶ ሲታይ መጸዳጃው፣ ቀጥሎ ፍራሹና ምንጣፉ። ምርቃቱ ወጣ። እያዘንኩ። በቦታው የሕፃኗ እጅ ገባ።

ከሰዓት ተለጠፈ። የመጀመሪያው አስተያየት፦ «ይህችን ሴት ማን ያውቃታል?»

እኔን! በጆበርግ አበሻ መሀል!

ረቡዕ

ጉድ ሆነናል።

«ማን ያውቃታል?» ሲባል እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ሽማግሌ። ቴምቢሳ ሰፈር ወደሚነግዱት ጋሽ ኤርሚያስ ደወልኩ። የሆሳዕና ሰው ናቸው። ስንት የተጣላ ሸሪክ አስታርቀዋል፣ ስንቷን ለትዳር ጠይቀዋል።

«ትልቁ ድምፅ የማን ነው?» አሉ።

ድምፅ የሚቆጠረው በድርሻ መጠን ስለሆነ፣ ብዙ ድምፅ ያለው አንድ አባል እንዳለ ነገርኳቸው።

«እሱ ዘንድ ነዋ የሚኬደው! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል?»

ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ለሰውየው በግል የድምፅ መልእክት ላኩ። መግቢያው «ሳኒቦናኒ» የሚለው የዙሉ ሰላምታ፣ መሀሉ የተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ መጨረሻው ረጅም ምርቃት።

ሰውየው ምን አደረገ? ፎረሙ ላይ ለጠፈው። «ድምፅ እንድሰጥ በስውር እየተለመንኩ ነው። እዚህ እንዲህ አይሠራም።» ሩዶ በሬን ልትሰብረው ደረሰች። «የማቀርብሽ እኮ በስሜ ነው! ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?» አንገቴን ደፋሁ። ስትበርድ ግን፣ «ነገ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በስልክ የሚካሄድ ስብሰባ አላቸው። ሽማግሌዎችሽን ይዘሽ ነይ። በአደባባይ!» አለችኝ።

ሐሙስ

ካሜራ እንደማይከፈት ብነግራቸውም ጋሽ ኤርሚያስ ከረባት አስረው ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሩዶ ክፍል ውስጥ አንድ ስልክ ከበብን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ።

«መልእክቱን የላክነው እኛ ነን» አሉ። «ደንባችሁን አላወቅንም፣ ይቅርታ። ግን በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው ዋስም ነው። ነገሩ ቢበላሽ መጀመሪያ በሩ የሚንኳኳው የእሱ ነው።»

ከዚያ አንዲት አባል፣ «ታዲያ ለምን ፈራሚ አይሆኑም?» አለች። ለካ የጋራ ዋሌት የሚባል የገንዘብ ቋት አላቸው! ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ ሳንቲም አይወጣም።

ስተረጉምላቸው ጋሽ ኤርሚያስ ጭናቸውን መቱ። «ይሄማ የዕቁባችን ዳኛ ነው! ምኑ አዲስ ሆነና?»

ያ የከሰሰን ሰውዬ፣ «በግልጽ እስከሆነ ድረስ ተቃውሞ የለኝም» አለ። ሩዶ በክርኗ ጎሸመችኝ። ታርቀናል።

ዓርብ

ማመልከቻው ጋሽ ኤርሚያስን ጨምሮ ከነሦስቱ ፈራሚዎች ለድምፅ ቀረበ። እኔ ጋሽ ኤርሚያስን ስልክ ሳስተምር ዋልኩ።

«የዋሌቱን መክፈቻ ምሥጢራዊ ቃላት ለማንም አይንገሩ።»

«ለባለቤቴም?»

«ለእሳቸውም።»

«ለፓስተሩስ?»

«ኧረ ጋሽዬ!»

«በስተርጅና ከሚስቴ ልታጣይኝ ነው በይ።»

ቃላቱን የት እንደደበቋቸው አልጠየቅሁም። እሳቸው ግን ሊነግሩኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ቅዳሜ

ድጋፉ ይመራል። ችግሩ ምልዓተ ጉባኤ ነው። በቂ ድምፅ ካልተሰጠ መምራታችን ዋጋ የለውም። የሚዘጋው ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው። ገና ይጎድለናል። ያ ባለ ትልቅ ድምፅ ሰውዬም ገና ድምፅ አልሰጠም።

ጠዋት ትዕግሥት ደወለች። ደንበኛ ስታስተናግድ ሕፃኗ ሾልካ ወጥታ፣ የታክሲው መንገድ ዳር ነው ያገኘቻት። ለሰውየው በግል ልጽፍለት እጄን በላኝ። አልጻፍኩም! ይልቅ ፎረሙ ላይ ተተክዬ ለሁሉም ጥያቄ በየስማቸው መለስኩ፤ ድምፅ ያልሰጣችሁ እባካችሁ ስጡ አልኩ። በአደባባይ መለመን ለካ አያሳፍርም።

አሁን ይህን ስጽፍ ሰውየው ብቅ አለ። አንዲት ጥያቄ ብቻ፦ «የአጥሩ በር የሚቆለፈው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

ለትዕግሥት ነገርኳት። «እህቴ፣ ስለ በር የሚጠይቅ ሰውማ ልጅ አለው» አለች።

ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ከውስጥ፣ ትንሽ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ብዬ መልሻለሁ። ነገ ድምፁ ከሞላልን የመጀመሪያዋን እልልታ እናንተው ትሰማላችሁ። ካልሞላልን ደግሞ ሁለተኛውን ማመልከቻ ከየት እንደጀመርነው አንድም ሳልደብቅ እጽፍላችኋለሁ።