በክፍት ቦይ ስለሞተችው ባለቤቴና ስለ እኔ ዝምታ

ከሚሴ፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም

ለተከበሩ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ሥራ ኃላፊ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። አላህ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ ለእግርዎም ደረቅ መሬት ይስጥልኝ። ስምዎን ያልጻፍኩት ከአክብሮት ነው፤ ከተማው እንደሆነ ያውቅዎታል። በኦሮምኛ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ አስተርጓሚ እስኪመደብልዎ ጉዳዩ እንዳይጓተት ብዬ ግን ከስድስተኛ ክፍል ይዤው በወጣሁት አማርኛ ጽፌዋለሁ።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ከሰው ሁሉ የደበቅኩትን ጥፋቴን ልናገር። ባለቤቴ ዓዲላ፣ አላህ ይዘንላትና፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከገበያ ስትመለስ፣ ጎርፉ መንገዱንም ቦዩንም አንድ አድርጎ ሸፍኖት ነበርና መንገድ መስሏት ክዳን ከሌለው ቦይዎ ገብታ ሞተች። ከዚያ ወዲህ "ለምን አትከስም?" ላለኝ ሁሉ "ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው" እያልኩ መለስኩ። ሰውም "ምን ያለ ሶብር፣ ምን ያለ ትዕግሥት ነው!" እያለ አደነቀኝ፤ መስጊድ ውስጥ ከፊተኛው ረድፍ ቦታ ይለቁልኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ በቀደር ማመኔ እንዳለ ሆኖ፣ አፌን የዘጋው ኢማን ሳይሆን ፍርሃት ነው። ዳኛ ፊት መንተባተቡን ፈራሁ፤ "የሚስቱን ደም ሸጠ" መባሉን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርስዎን ፈራሁ። ፍርሃቴን በጥምጣም ጠቅልዬ ሶብር ብዬ ጠራሁት።

አሁን ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በተራ ላቅርብ፦

1ኛ. ለለቅሶው ስለላኩልን ሰንጋ አመሰግናለሁ። ሥጋው ጮማ ነበር፤ ለኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ከጉበቱ ተጨምሮልኛል። ከዚያ ወዲህ መኪናዎ ባለፈ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ እጅ የምነሳው እኔ አይደለሁም፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ሰንጋ ነው የሚነሳው።

2ኛ. ለቀስተኛው መካከል ቆመው እርስዎም "ቀደር ነው" ስላሉ አመሰግናለሁ። አገራችን ከመጡ ዓመት ሳይሞላዎ ቃሉን መልመድዎ ሽማግሌዎቹን ሳይቀር አስደስቷል። የኮንክሪት ክዳኖቹ ግን ያኔም ከግቢዎ ተደርድረው ነበር፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። በአጥሩ ሽንቁር እያየናቸው እናልፋለን።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ቢሮ ስላጣሁ ከእርስዎ ዘንድ አስገብቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ጨፋ ላይ የእርሻ ጎረቤቴ ሙሄ ማሽላ የሚያኖርበትን ጉድጓድ ሳይከድን ትቶት ጊደሬ ገብታ ሞተችብኝ። ያን ጊዜ ቀደር የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ሽማግሌ ሰበሰብኩ፤ "የቆፈረ ይከድናል!" እያልኩ ጮኽኩ፤ በመጨረሻም ከመንጋው ደህናዋን ጊደር አስመርጬ እየነዳሁ ሄድኩ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስንወጣ ይኸው ሙሄ በሰው መሐል ያዘኝና፣ "ያ ሙሀመድኑር! ለጊደሯ ጊዜ የነበረው አንደበት የት ገባ? ወላሂ፣ ዓዲላም አራት እግር ቢኖራት ኖሮ ትከስላት ነበር" አለኝ። አጠገባችን የነበሩት ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤቴ ገብቼ ለልጄ ለከውሰር ብነግራት ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! "አባ፣ የእማን ሞት አላህ ጽፎታል፤ አምናለሁ። ክዳኑን ግቢ ውስጥ ቆልፉበት ብሎ የጻፈው ማነው?" አለችኝ። ሕጉ ለእንዲህ ያለው ክስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑንም ጠበቃ ጠይቃ ነበርና፣ የቀረን አንድ ወር እንደማይሞላ አረዳችኝ። ለካስ የእኔ ሶብር ለእርስዎ ቀን ሲቆጥርልዎ ኖሯል።

ይቅርታን በተመለከተ ሽማግሌ ለመላክ አይድከሙ። በበኩሌ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ በየሶላቴም ዱዓ አደርግልዎታለሁ። የእናቷን ደም በከውሰር ፋንታ ይቅር እንድል ግን ማንም አልወከለኝም። ዘንድሮ ክረምት በዚያው ጎርፍ ውስጥ በሚያልፉት ሰዎች ፋንታም እንዲሁ። ደም ሸጠ የሚለኝ ካለም ይበል፤ እስከ ዛሬ በነፃ ስሰጠው ማንም አልተናገረኝም።

ስለ ሰላም እንቅልፍዎ ሲል ይህን ያህል ጊዜ አፉን ዘግቶ የተባበረዎት፣ በመኪናዎ አቧራ ውስጥ ቆሞ እጅ መንሳትን እንደ ግዴታ የቆጠረ፣ ታዛዥዎ ሊባል እንኳ የማይበቃው፣

ሙሀመድኑር በድሩ

ማስታወሻ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ በመጻፍ አይቸገሩ፤ መልስዎን የሚጠብቀው ችሎቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ከውሰር ክንዴን ይዛኝ፣ ሙሄም "የመጣሁት ለመሳቅ ነው" እያለ ከአጠገቤ ሳይለይ፣ ፍርድ ቤት ገብቼ የክስ ማመልከቻዬን አስረክቤያለሁ። ከነፍርሃቴ ስለፈረምኩት ፊርማው የእኔ አይመስልም፤ የእኔ ነው።