ስለ ቀለጠው ናሙናዬና ስለ ማቀዝቀዣዎ ንጽሕና

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ጤና ካጡ ወደ ራስዎ ላቦራቶሪ መሄድ ሊኖርብዎ ነውና።

እኔ አርባ ዓመት በመርፌ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፕሮስቴት ዕጢዬን ካንሰር ስለያዘው ሆርሞን የሚቀንስ መድኃኒት እወስዳለሁ። ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ ሆርሞኑ በደሜ ውስጥ ቢቀንስም ዕጢው ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ ከዕጢው በመርፌ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ በውስጡ ያለው ሆርሞን መለካት አለበት፤ መድኃኒቱን ልቀጥል ወይስ ልቀይር የሚወሰነው በዚያ ነው። ሥጋው ወዲያው በረዶ ውስጥ ካልገባ ግን ልኬት የለም። ይህችን ሕግ እኔ ልብስ ሰፊው አንዴ ሰምቼ ያዝኳት።

ስለሆነም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያው ቀን የክር ቁራጭ የሚያካክሉትን ሥጋዎቼን በረዶ ሲጠብቃቸው፣ ባለሙያዎ ከልምድ ብዛት ፎርማሊን የተባለው ሥጋ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ስለጨመሯቸው አመሰግናለሁ። በፎርማሊን የተነከረ ሥጋ ለዚህ ልኬት እንደማይሆን የተነገረኝ ሱሪዬን ከታጠቅኩ በኋላ ነው።

2. በሁለተኛው ጊዜ በረዶው ከነሣጥኑ ተገኘ። ሆኖም ናሙና ያለ ማኅተም አይገባም ተባለ፤ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ ደግሞ በእርስዎ ኪስ ሆኖ ስብሰባ ላይ ነበር። እኔና ሣጥኑ የናሙና መቀበያው መስኮት ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተራ ጠበቅን። ከገዛ ሥጋ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ወረፋ መጠበቅ ለሰው ሁሉ የሚደርስ ዕድል አይደለም። ስብሰባው ሲያልቅ ማኅተሙ አረፈ። በጣም ጥርት ያለ ማኅተም ነበር፤ በረዶው ግን ውሃ ሆኗል።

3. ሦስተኛው ናሙና ማቀዝቀዣው ውስጥ በሰላም ገባ። በማግስቱ ጎብኚ ኮሚቴ ይመጣል ስለተባለ ማቀዝቀዣው ከሶኬት ተነቅሎ ውስጡ በሳሙና ታጠበ። ለንጽሕና ያገኛችሁት የምስክር ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁና እንኳን ደስ ያላችሁ። የእኔም ድርሻ አለበት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከቢሮዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ውጤት ስላልተመዘገበልኝ በተደጋጋሚ እንዳልቀረብኩ ተቆጥሮ፣ በመጪው ሰኞ ካልተገኘሁ ስሜ ከዝርዝሩ እንደሚሰረዝ ይገልጻል። ባለቤቴ አንብባው ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ፈርቻለሁ። መርፌውን አይደለም፤ አምስት ወር ሙሉ የማይሠራ መድኃኒት ስውጥ ከርሜ እንዳይሆን ነው።

ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ እገኛለሁ። በዚያች ቀን ሶኬቱ ተሰክቶ እንዲውል፣ ቁልፉም ከስብሰባ እንዲቀር በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣

ሦስት ጊዜ ተገኝቶ ሦስት ጊዜ እንደቀረ የተመዘገበው ታዛዥ ታካሚዎ

ማሳሰቢያ፦ በሱቄ የአንድ ደንበኛ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ቆርጬ አንዴም ሳልለካ ብቀር፣ ሰውዬው አራተኛውን ጨርቅ ይዞ ሌላ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል። እኔ ግን ሌላ ሰፊ አላውቅም፤ ጨርቁም ያለኝ ይኸው አንዱ ነው።