ጋሼ ዘገዬና የጣሪያው ገመድ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ብርድ። ሬይኖልድስበርግ ከተማ የምንሠራው አፓርትመንት ጣሪያው ላይ ደርሷል። ጋሼ ዘገዬ ዛሬም ሃርነሱን፣ ከመውደቅ የሚያድነውን ማሰሪያ፣ ለብሰው ገመዱን ሳይሰኩ ሲሠሩ ዋሉ። ማሰሪያውን ለብሶ ገመዱን አለመሰካት ምን ይሉታል? ለፎቶ ነው?

"ጋሼ፣ እባክዎ ይሰኩት" አልኳቸው ከታች ሆኜ።

"እሺ የኔ ጌታ።"

አልሰኩትም። ይሄን የሴፍቲ ተቆጣጣሪ ሥራ ውሰድ ያሉኝ ቀን ምነው እግሬን በሰበረው...

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ገመዱ ያዘገየኛል ይላሉ። እውነት ነው፣ እንደሳቸው የሚፈጥን የለም። ሱፐርቫይዘሩም ለዚህ ነው የሚወዳቸው። ፍጥነቱን ያያል፣ ገመዱን አያይም። ዓይን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ?

አርብ፣ ኦክቶበር 17

አደረግኩት። በሰው ፊት ከጣሪያ አስወርጄ ለሦስት ቀን ወደ ቤት ላክኋቸው። ኤርፖርት መጥተው የተቀበሉኝን ሰው... እዚህ ሥራ ያስገቡኝን ሰው። ጓንታቸውን አውልቀው ሄዱ።

አንዋር፣ ከሳቸው ጋር ጣሪያ የሚሠራው፣ ምሳ ላይ መጣ። "ብሮ፣ አባትህ የሚሆኑ ሰው እኮ ናቸው! ዋርኒንግ ብትሰጣቸው ምናለ?"

ስንት ጊዜ ልስጥ? ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ሽማግሌ ተላከብኝ። በእግዜር! ለገመድ!

ሦስት ሰዎች ሶፋዬ ላይ። ባለቤቴ ሐምራዊት ሻይ ይዛ ስትገባ ሳቋን ዋጠች። ጋሽ ጣሰው፣ ያለሳቸው እዚህ ከተማ ሠርግም ለቅሶም የማይሆነው፣ ጀመሩ። "ልጄ፣ ዘገዬ ታላቅህ ነው። ነገ ኮል አድርግለትና ይመለስ። ስለ ገመዱም አትጨቅጭቀው።"

ደሜ ፈላ። "እሺ፣ ይመለሱ። ግን ከወደቁ ለሚስታቸው ለእትዬ ዓለምነሽ መርዶውን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። በሩን የሚያንኳኳው ማነው? አሁኑኑ ተስማሙልኝ።"

ጋሽ ጣሰው "ሟርተኛ!" ብለው ብድግ። ሻዩን ማንም ሳይነካው ሄዱ።

"ምን ነካህ?" አለች ሐምራዊት። እኔስ አውቃለሁ? አፍሬአለሁም፣ ንዴቴም አልበረደም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

እትዬ ዓለምነሽ ደወሉ። ወሬው ባንድ ሌሊት ጆሯቸው ደርሷል።

"ቢሩክ፣ ጣሪያ ላይ ነው እንዴ የሚሠራው? ውስጥ ቀለም እቀባለሁ ነበር እኮ የሚለኝ!"

ወይ ጉድ... "አዎ እትዬ።"

"ሳይታሰር?"

መልሴን ሳይጠብቁ ስልኩን ዘጉት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ጋሼ ተመለሱ። እትዬ ዓለምነሽ ራሳቸው ነድተው አመጧቸው። አጥሩ ጋ ቆመው፣ ገመዱ እስኪሰካ ድረስ ዓይናቸውን ከጣሪያው አልነቀሉም። ተሰካ።

ጠዋት "ደህና አደሩ" ስላቸው ጋሼ ግድግዳ ያዩ ይመስል አልፈውኝ ነበር። ማታ ደግሞ ሱፐርቫይዘሩ ሥራው ዘገየ ብሎ እኔ ላይ ጮኸ። በዚህም በዚያም ጥፋተኛው እኔ!

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

እስካሁን ሰላምታ የለም። የልጄ ልደት ላይም ቀሩ። ከፍቶኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ዛሬ ደረጃውን ስወጣ ድምፃቸውን ሰማሁ። አንዋር ላይ ነው የሚጮኹት።

"ሰካው እንጂ! ያ ባለጌ እየመጣ ነው!"

ባለጌው እኔ ነኝ። አንዋር እስኪሰካ ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ወጣሁ። የሳቸውም ተሰክቷል። "ደህና አደሩ ጋሼ" አልኩ። ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ያዙሩብኝ። ማታ በእግራቸው ወርደው፣ እትዬ ዓለምነሽ መኪና ውስጥ ሲገቡ አይቼ ነው ከሳይቱ የወጣሁት።